ጥፋቱ የዱላው ነው

ጎልፍ መጫወት የማይችል ሰው ሞልቷል። አለመቻሉን ለመደበቅ ብሎ የጎልፍ ዱላ ሠሪ የሆነ ግን ከራሴ ሌላ አላውቅም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄን። ዱላው ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት በየሱቁ ተደርድሯል፤ እኔ ግን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ተቀብሬ ቧንቧ ከብረት ጋር በኮላ አጣብቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ «ታች ነው፤ ሥራ ይዟል» ትላለች። «ምን ሥራ?» ያላት እንደሆነ ቡናውን ልታይ ትነሳለች።

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ቢጠይቁኝ ከየትኛው ኃጢአት ሥር እንደምመድበው አላውቅም፤ ውሸት አለበት፣ ትዕቢት አለበት፣ የቤት ገንዘብ ማባከንም አለበት። ስለዚህ እዚሁ ልናዘዘው።

ዲሲ ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር የነዳ አበሻ ሄይንስ ፖይንትን ያውቀዋል። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው፤ መኪና አቁመህ እግርህን የምታፍታታበት ቦታ። እዚያው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያለ ኢስት ፖቶማክ የሚባል የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አለ። የሕዝብ ስለሆነ ዘመድ አይጠይቅም፤ ከፍለህ ቅርጫት ሙሉ ኳስ ትቀበልና እስኪያልቅ ትደበድባለህ። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1941 ጥቁር ተጫዋቾች ሊጫወቱበት ሲገቡ ስድብና ዛቻ ነው የተቀበላቸው፤ ሜዳው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዘዘው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ ነው። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ችለው የገቡት ጨዋታ ስለሚችሉ ነበር። እኔ በስተኋላ መጥቼ ሰበብ ስፈልግበት ዋልኩ።

እዚያ የወሰዱኝ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ና እስቲ ሞክራት፤ መሪ ላይ ለዋለ ወገብ መድኃኒት ናት» አሉኝ። የመጀመሪያዋ ኳስ፣ ምን እንደነካት ሳላውቅ፣ ቀጥ ብላ ከፍ ብላ ሄዳ ሄዳ ወረደች። ያጠፋችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የመታኋቸው ሁሉ አነሳሳቸው ያምርና መሀል መንገድ ሲደርሱ ቤት የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ።

«ራስህን አታንሳ» ይሉኛል ጋሼ። «እጅህን አታጥብቀው።» «ወገብህ ይቅደም፣ እጅህ ይከተል።» ሁሉም ልክ ነበር። እኔ ግን ዱላውን አገላብጬ አገላብጬ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በኔ ቁመት የተሠራ አይደለም» አልኳቸው። ጋሼ የሰው ፊት የሚያከብሩ ናቸውና ዱላውን ተቀብለው እሳቸውም አገላበጡት። «ይሆናል» አሉ። ሞርሳ ያስገዛችኝ ያቺ «ይሆናል» ናት።

ሰበብ ብቻውን አይቆምም፤ ደጋፊ ይፈልጋል። የኔ ደጋፊ ካርስተን ሶልሃይም ሆነ። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የጫማ ሠሪ ልጅ ነው፤ ራሱም ጫማ ጠግኗል፣ ኋላ ጀነራል ኤሌክትሪክ ገብቶ በመሐንዲስነት ሠርቷል። ጎልፍ የጀመረው አርባ ካለፈው በኋላ የሥራ ባልደረቦቹ ጎትተውት ነው። ኳሷን ገፋ አድርጎ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ሲያቅተው ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የዱላው ነው አለ። ከዚያም በ1959 ካሊፎርኒያ፣ ሬድውድ ሲቲ፣ ጋራዡ ውስጥ የራሱን ፓተር ሠራ። ክብደቱ ወደ ሁለቱ ዳር የወጣ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ ዱላ ነው፤ ኳስ ሲነካ «ፒንግ» የሚል ድምፅ ስለሚሰጥ ስሙ ፒንግ ተባለ፣ ኋላም የኩባንያው ስም ሆነ። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አርባ ካለፈው በኋላ የጀመረ፤ እኔም። ኳስ እምቢ ያለው፤ እኔም። በዱላው ያሳበበ፤ እኔም። የቀረችው ልዩነት እሱ እውነቱን መሆኑ ነበረች፤ እሷን ዘለልኳት።

ባለቤቴን ማሳመን ግን በሶልሃይም ብቻ የሚሆን አልነበረም። «እኔ እኮ ልጅ ሆኜ የገና ዱላ እሠራ ነበር፤ ሙያው በእጄ አለ» አልኳት። ይሄ ነጭ ውሸት ነው። የገናውን ዱላ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጫፉ የቆለመመውን ቅርንጫፍ መርጦ፣ ቆርጦ፣ ልጦ፣ እሳት ላይ እያሞቀ የሚያቃናው እሱ፤ ልጣጩን የምጠርገው እኔ። ደግሞም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ?» ብዬ ጨመርኩባት። «ይሄ ገና አይደለም፣ ክሬዲት ካርድ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወደ ቁጠባው ገባሁ፦ ጭንቅላቱን ለብቻ፣ ዘንጉን ለብቻ፣ እጀታውን ለብቻ ገዝቶ የሚገጣጥም ሰው ከሱቁ ዋጋ ብዙ ያተርፋል። ይሄኛው እውነት ነው፤ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ የቱቦ መቁረጫ፣ የሽቦ ብሩሽና ማሞቂያ የማይገዛ ሰው ከሆነ።

ዱላ መሥራት የከበረ ሙያ መሆኑንም ነግሬያታለሁ። የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ በ1457 ጎልፍ ሰዉን ከቀስት ልምምድ አዘናጋ ብሎ በሕግ ከለከለ፤ የልጅ ልጁ አራተኛው ጄምስ ደግሞ በ1502 ፐርዝ ከተማ ወርዶ የጎልፍ ዱላውን ከዚያው ከቀስት ሠሪው ገዛ። እንጨት ማጉበጥ የሚያውቅ ሌላ ማን አለና! ዘንጉ ሂከሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት በሚሠራበት ዘመንም ሙያው ልጅ ተልኮ፣ ዓመታት አገልግሎ የሚማረው ነበር። አሜሪካኖቹ የብረት ዘንግ የፈቀዱት በ1924 ነው፤ ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ያሉት ሕግ አውጪዎች ደግሞ በ1929። እኔ የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፤ ያውም አስተማሪው «ይህን ክፍል እንዳትዘሉ» የሚልበትን እየዘለልኩ። ራልፍ ማልትቢ የሚባል የሙያው ሊቅ የጻፈውን ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼም ነበር። ሥዕል ሥዕሉን አይቻለሁ።

ለጀማሪ የሚሰጠው ሥራ እጀታ ማልበስ ነው። ዘንጉ ላይ በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር ትጠቀልላለህ። የጎማው እጀታ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣትህ ደፍነህ አኳራጅ ትሞላበታለህ፣ ነቅነቅ ታደርገዋለህ፣ የያዘውን አኳራጅ ፕላስተሩ ላይ ትደፋለህ። ፕላስተሩ ሲርስ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ሳታመነታ በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ትገፋዋለህ። እኔ መሀል ላይ ስደርስ ቀጥ ማለቱን ለማየት ቆም አልኩ። አኳራጁ አልጠበቀኝም፤ ተነነ። እጀታው ግማሹ ገብቶ ግማሹ ደጅ ቀረ። ብገፋው አይሄድ፣ ብጎትተው አይመለስ። ሞርሳውን አጥብቄ በሁለት እጄ ስታገለው ዘንጉ ሞርሳው ውስጥ ዞረና ኒኬሉን ላጠው። በመጨረሻ በሽንኩርት ቢላዋ ቀድጄ አወጣሁት። ሽታው በማሞቂያው ቱቦ ወጥቶ መኝታ ቤት ደርሶ ኖሯል፤ ልጄ ከደረጃው ራስ ላይ ሆና፣ «አባዬ፣ ቤት እየቀባህ ነው?» አለችኝ። «አዎ የኔ ቆንጆ» አልኳት። ውሸቱን ለማጽናት በዚያው ሰሞን አንድ ግድግዳ ቀባሁ።

መቁረጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ዘንግ ቀጭንና ወፍራም ጫፍ አለው። ከቀጭኑ በኩል ሲቆርጡት ይደድራል፤ ከወፍራሙ በኩል ሲቆርጡት በዋናነት ቁመቱ ነው የሚያጥረው። ቀጭን ጫፋቸው ወጥ ውፍረት ያለው የብረት ዘንጎች አንድ ላይ ሲገዙ ሁሉም እኩል ስለሚመጡ፣ ዱላው ባጠረ ቁጥር ከቀጭኑ በኩል ግማሽ ኢንች እየጨመሩ መቁረጥ አለ፤ ቁመቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚስተካከለው። እኔ ሁሉንም ከወፍራሙ በኩል ብቻ ገዘገዝኳቸው። የወጣው ሙሉ ስብስብ ሲወዛወዝ የሚልመጠመጥ ሆነ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ እኔ ግን አቡክቼ እንግዳ ጠራሁ።

እንግዳው ጋሼና ሁለት የአገር ልጆች ነበሩ። ይዤ የሄድኩት ሰባት ቁጥር የሚባለውን የብረት ዱላ ነው። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦ የዘንጉን ጫፍ ኒኬሉ እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ፣ የጭንቅላቱን አንገት ውስጡን በሽቦ ብሩሽ ያጸዳሉ፣ ለጎልፍ የተዘጋጀውን ኢፖክሲ ከሁለቱ ቱቦ እኩል እኩል አድርገው ያዋህዱና አንድ ሙሉ ቀን ያሳድሩታል። ኮላው እንዲይዝ ሻካራ ነገር ይፈልጋል፤ ልሙጥ ኒኬል ላይ ምንም ቢያፈሱበት አይጨብጥም። እኔ የሚያብለጨልጨውን መፈተግ ሆዴ አልቻለም። ኢፖክሲውም ከቀለም ሱቅ የተገዛ፣ በአምስት ደቂቃ ይደርቃል የተባለ ነው፤ ልኬቱን በዓይኔ አደረግኩት፣ ሲደርቅ ጠንካራ መሰለኝ፣ በጣቴ መታ መታ አድርጌ መረቅኩት።

ሜዳው ላይ ስደርስ አንዱ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለ ዱላውን አይቶ። «ካስተም ነው» አልኩ። ማን ሠራው ብሎ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ፤ አልጠየቀም፤ እኔው ነገርኩት። ከዚያ ቆምኩ፣ ወደ ኋላ አነሳሁ፣ ባለኝ ጉልበት ለቀቅኩት። እጄ ላይ ድንገት ቅልል አለኝ። ቀና ስል 270 ግራም የሚሆን ብረት ፀሐይ ላይ እየተብለጨለጨ ሃምሳ ያርድ ከሚለው ምልክት አልፎ ሣሩ ላይ ወረደ። ከፊት ሰው አለመኖሩ የእናቴ ጸሎት ነው። ኳሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ሳልመሰክር የማላልፈው፣ በጎልፍ ዘመኔ ቀጥ ብሎ የሄደልኝ ነገር ቢኖር ያ ጭንቅላት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አባቶቼ ያስቀሩልኝ ለዚህ ቀን ኖሯል። ሜዳው ውስጥ ገብቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ጭንቅላቱ እዚያው ተጋድሞ ቆየ፤ ኋላ ኳስ የምትሰበስበው ሽቦ ለበስ መኪና መጣች። ሾፌሩ ቆመ፣ በሩን ከፍቶ አነሳው፣ ወደ ተሰለፍነው መቺዎች ዞሮ ከፍ አድርጎ አሳየን። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ከኋላዬ ግን ግድግዳ ነበር፣ እጄም ላይ ጭንቅላት የሌለው ዘንግ። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያንተው መሰለኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ኢፖክሲ አከበርኩ። ማሞቂያ ግን አላከበርኩም። የብረት ዘንግ ለመንቀል አንገቱን አሙቀህ ጠምዝዘህ ታወጣዋለህ፤ ግራፋይት ግን ክርና ሙጫ ስለሆነ በልኩ ይሞቃል፣ ሳይጠመዘዝ በመጎተቻ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ከጎረቤት የግቢ ሽያጭ ላይ ያገኘሁትን ድራይቨር የሚባል ባለ ግራፋይት ዱላ እንደ ብረቱ ጠምዝዤ፣ እስኪጨስ አሞቅኩት። የጭስ መጠቆሚያው ጮኸ፣ ቤተሰቡ ወደ ደጅ ወጣ። ዘንጉ ጫፉ ላይ ተተረተረ።

ይሄ ሁሉ ግን አለማወቅ ነው፤ አለማወቅ ይቅር ይባላል። ትልቁ ጥፋቴ ስዊንግ ዌይት ከሚሉት ነገር ጋር የተጀመረው ነው። ዱላ በእጅ ሲወዛወዝ ጭንቅላቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚነግር ልኬት ነው። በ1920ዎቹ ሮበርት አዳምስ የሚባል ሰው ያወጣው ሚዛን አለ፤ ዱላውን ከእጀታው ጫፍ 14 ኢንች ላይ ያሳርፍና ወደ ጭንቅላቱ የሚያደርገውን ማጋደል በፊደልና በቁጥር ያነባል። የወንዶች ዱላ ብዙውን ጊዜ ዲ ሁለት አካባቢ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ግራም ስትጨምር አንድ ነጥብ ይወጣል፤ ቁመቱን በግማሽ ኢንች ስታስረዝም ሦስት ነጥብ፤ እጀታው በአራት በአምስት ግራም ሲከብድ አንድ ነጥብ ይወርዳል። ምን ልበላችሁ፤ ወደድኩት። የባለቤቴን የኩሽና ሚዛን ወደ ታች አወረድኩ። እርሳስ ፕላስተር በመቀስ እየቆረጥኩ፣ እየለጠፍኩ፣ እየላጥኩ ዲ አንድን ዲ ሁለት ለማድረግ ሌሊቱን አጋመስኩ። ያ ሁሉ ሲሆን ሜዳ አልረገጥኩም። ጋሼ ሲደውሉ «ሥራ በዝቶብኝ» እላቸዋለሁ። ሥራው ከቴምብር የምታንስ እርሳስ ነበረች።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሚዛን ሰው አይታዘብም። ሁለት ግራም ስትጨምርለት አንድ ነጥብ ይሰጥሃል፣ ሁልጊዜ፤ ራስህን አነሳህ አላነሳህ አይጠይቅህም። ሜዳ ላይ ግን በሰው ፊት የምለካው እኔ ነኝ።

ይባስ ብዬ ሐኪም ሆንኩ። ከአገር ልጆቹ አንዱ «ሰሞኑን ኳሷ እምቢ አለችኝ» ብሎ ዱላውን አመጣልኝ። ተቀብዬ አየሁት፣ ወዘወዝኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ስዊንግ ዌይቱ ነው» አልኩት። ሳልመዝነው። ሁለት ግራም እርሳስ ለጥፌ ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ደውሎ «እጅህ መድኃኒት ነው» አለና ክትፎ ጋበዘኝ። ክትፎውን በላሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ሳሚው ክትፎ የማይጋበዝ ሆኖ ነው እንጂ፣ እኔስ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ስለ ሰው ዱላ ሳልጠየቅ አስተያየት መስጠት ጀመርኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ዱላ በደንብ ሠራሁ። ይህንንም ልናዘዝ። ሰባት ቁጥር ነው፣ እንደገና። ኒኬሉን ፈተግኩት። አንገቱን አጸዳሁት። ዘንጉን መጀመሪያ ከቀጭኑ በኩል በልኩ፣ ቀጥሎ ከወፍራሙ በኩል ለቁመቱ ቆረጥኩት፤ የእጀታው ክዳን የሚጨምራትን ስምንተኛ ኢንች ሳይቀር አሰብኩ። 37 ኢንች ወጣ። ትክክለኛውን ኢፖክሲ አዋህጄ እስከ ማግስቱ ሳልነካው አሳደርኩት፤ ይሄ ለኔ ጾም ነው። እጀታውን በአንድ ትንፋሽ አስገባሁት። ዘንጉና ጭንቅላቱ የሚጋጠሙበት ላይ የምትገባዋን ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት በአሴቶን ጠረግ ሳደርጋት መስተዋት ሆነች። ጭንቅላቱ ያረፈበትን ማዕዘን ማሽን ያለው ሱቅ ወስጄ አስለካሁት። ልክ ነው። ዲ ሁለት። ልክ ነው።

ለጋሼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ሲመቱ አይቸኩሉም፤ አንዴ ኳሷን፣ አንዴ ወንዙን ያያሉ፣ ከዚያ ዱላውን ይለቁታል። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ደገሙ፤ ቀጥ። ሠለሱ፤ ቀጥ። ዱላውን ዓይናቸው ድረስ አቅርበው ቀለበቷን አዩ፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት። «ጥሩ ዱላ ነው፤ እጅህ ይባረክ» አሉና መለሱልኝ።

በዚያው ዱላ፣ በዚያው ምንጣፍ ላይ፣ ከዚያው ቅርጫት አንድ ኳስ አስቀምጬ መታሁ። ቀኝ። ሌላ አስቀመጥኩ። ቀኝ። ኳስ ሰብሳቢዋ መኪና እንኳ ወደ ቀኝ ዳር ሄዳ የምትጠብቀኝ መሰለኝ። ጋሼ መናገር አልፈለጉም ነበር፤ ሲያቅታቸው፣ «ራስህን…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ስንት ዶላር አውጥቼ፣ ስንት ሌሊት አምሽቼ፣ በገዛ እጄ የሚመሰክርብኝ ዱላ ሠራሁ።

አሁን ኳሷን ይዣለሁ። ሕጉ ከ45.93 ግራም እንዳትበልጥ፣ ውፍረቷም ከ42.67 ሚሊሜትር እንዳያንስ ነው የሚለው፤ ክብደቷ መሀሏ ላይ ስለመሆኑ ማን አይቶላታል? መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ውሃ ውስጥ ብዙ ጨው ታሟሟለህ፣ ኳሷ ትንሳፈፋለች፣ ከባዱ ጎኗ ወደ ታች ይዞራል፣ ላይ የቀረችውን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለህ። ባለቤቴ ምስር ወጡን ቀምሳ ጨው ያለበትን ዕቃ ስትፈልግ ሰማኋት፤ እኔ ዕቃውን ታች ይዤ ተጎንብሼ ነበር። አንድ ደርዘን ኳስ አንሳፍፌያለሁ። እስካሁን ያየኋቸው ሁሉ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ወደ ቀኝ ያደላሉ።